በትንሽ ከተማ የአንድ ዓመት የሞት ቁጥር ስለ መንገድ ደኅንነት ምን ያህል ይናገራል?

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። የአንዲት አነስተኛ ከተማን የትራፊክ አደጋ መዝገብ አገላብጬ ለምክር ቤቷ ሪፖርት እንዳቀርብ ተጠይቄአለሁ። መዝገቡ የበርካታ ዓመታት ነው፤ የሟቾቹ ቁጥር ግን በየዓመቱ በጣት የሚቆጠር በመሆኑ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ቁልቁል ይላል። አንዱ ዓመት ካለፈው በእጥፍ ሲበልጥ ነዋሪው ይደነግጣል፣ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል፣ የመጨረሻው ሰው በሞተበት ቦታ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይተከላል፤ በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ ዝቅ ሲል ደግሞ ምልክቱ ሕይወት አዳነ ተብሎ ጉዳዩ ይዘጋል። ይህ አካሄድ ስለማያሳምነኝ ነው የእናንተን ምክር የፈለግሁት።

ማወቅ የምሻው፣ ቁጥሩ ትንሽ በሆነበት ከተማ እውነተኛ ለውጥ ከአጋጣሚ እንዴት እንደሚለይ ነው። ሞት ብቻውን የማያስተማምን መለኪያ ከሆነስ ምንን ልከተል? በጀቱ ሁሉንም መንገድ ለማስተካከል ስለማይበቃ፣ የመጀመሪያው ሥራ የት ላይ ይዋል የሚለውም እጅግ ያሳስበኛል። እያንዳንዱ የመዝገብ መስመር የአንድ ሰው ሕይወት ስለሆነ ሪፖርቱ ተነቦ መደርደሪያ ላይ እንዲቀር አልፈልግም።

የስታቲስቲክስ መምህር፦

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። በዓመት በአማካይ 3 ሰው የሚሞትባትን ከተማ ለምሳሌ እንውሰድ። የመንገዱም ሆነ የአሽከርካሪዎቹ ሁኔታ ለዓመታት ምንም ሳይለወጥ ቢቆይ እንኳ ቁጥሩ በየዓመቱ 3 ሆኖ አይቀጥልም። አልፎ አልፎ ለሚደርሱ ክስተቶች በሚያገለግለው በፖይሰን ቀመር ሲሰላ፣ ከ100 ዓመት ውስጥ በ5ቱ ገደማ አንድም ሰው አይሞትም፤ በ20ው ገደማ የሟቾቹ ቁጥር ከ1 አይበልጥም፤ በ8ቱ ገደማ ደግሞ 6 እና ከዚያ በላይ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ቁጥሩ ከ3 ወደ 6 መውጣቱ ብቻውን መንገዱ ከፋ ለማለት አያበቃም፤ ከ6 ወደ 1 መውረዱም መንገዱ ተሻለ አያሰኝም።

እርስዎ የገለጹት የድንጋጤና የእፎይታ ዑደት በሙያው ወደ አማካይ መመለስ ይባላል። አንድ ቦታ ለሥራ የሚመረጠው ቁጥሩ ባልተለመደ ሁኔታ ከፍ ባለበት ወቅት ከሆነ፣ ምንም ባይሠራበትም በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ ዝቅ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚህ የተነሳ ፋይዳ የሌለው እርምጃ ውጤታማ መስሎ ይታያል፤ ከተማዋም ያንኑ እርምጃ በሌላ ቦታ ትደግመዋለች። ከሁሉ የሚከፋው ጉዳቱ ገንዘብ መባከኑ አይደለም፤ ችግሩ የተፈታ መስሎ ስለሚታይ እውነተኛው መንስኤ ሳይነካ መቅረቱ ነው።

የሟቾችን ቁጥር ለሕዝብ ብዛት ማካፈልም በትንሽ ከተማ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 20 ሺህ ነዋሪ ባላት ከተማ የአንድ ሰው ሞት ምጣኔውን ከ100 ሺህ ሰው በ5 ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ያወጣው የዓለም አማካይ ከ100 ሺህ ሰው 15 ያህል በመሆኑ፣ ይህች ከተማ 3 ሰው በሞተባት ዓመት ከዓለም አማካይ ጋር እኩል ትቆማለች፤ በተከታዩ ዓመት 1 ሰው ብቻ ቢሞትባት በመንገድ ደኅንነት ከተመሰገኑት አገሮች ተርታ ትሰለፋለች፤ ምናልባት ግን በሁለቱ ዓመታት መካከል በመንገዶቿ ላይ የተለወጠ አንዳች ነገር የለም።

የአንዱን ዓመት ቁጥር ከአንዱ ዓመት ጋር ከማነጻጸር ይልቅ የ5 ዓመት ድምር ከሌላ የ5 ዓመት ድምር ጋር ያነጻጽሩ። ይህም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ድምሩ ከ15 ወደ 9 ወረደ ብንል ብዙዎቻችን ትልቅ ለውጥ ነው እንላለን፤ ነገር ግን ምንም የተለወጠ ነገር ሳይኖር የዚህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ከ10 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል ሊታይ ይችላል። በሪፖርቱ ውስጥ ይህን በግልጽ መጻፍ ደካማነት እንዳይመስልዎት፤ ምክር ቤቱ ከቁጥሩ ሊጠብቅ የሚችለውንና የማይችለውን አስቀድሞ ቢያውቅ ለሁሉም ይበጃል።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ከየት እንደሚመጣ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

በብዙ አገሮች በትራፊክ አደጋ ሞተ የሚባለው ሰው አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ሕይወቱ ያለፈ ነው። በተግባር ግን ፖሊሱ በዕለቱ ቦታው ድረስ ሄዶ ከባድ ጉዳት ብሎ የመዘገበው ሰው ከሳምንት በኋላ ወደ ተላከበት ሌላ ሆስፒታል ውስጥ ሲሞት፣ ያ ዜና ተመልሶ የፖሊሱ መዝገብ ላይ የማይሰፍርበት ጊዜ ብዙ ነው። ትንሽ ከተማ ከሆነች ደግሞ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ ስለሚላክ ይህ ክፍተት ይሰፋል። ስለዚህ በቅድሚያ የፖሊሱን መዝገብ፣ የአምቡላንሱን የጥሪ ደብተርና የሆስፒታሉን የድንገተኛ ክፍል መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጠው በቀን፣ በሰዓትና በዕድሜ ያመሳክሩ። በፖሊስ መዝገብ ጨርሶ የማይታዩ ጉዳተኞች ያገኛሉ፤ በተለይ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ሳይጋጩ የወደቁ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ወደ ሕክምና ይመጣሉ እንጂ ፖሊስ ዘንድ አይሄዱም።

ይህ ማመሳከር ሌላ ጥቅምም አለው። በፖሊሱ ቅጽ ላይ የአደጋው ቦታ «በዋናው መንገድ ላይ» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ጉዳተኛውን ያነሳው የአምቡላንስ ሠራተኛ ግን በትምህርት ቤቱ አጥር ማብቂያ፣ የጭነት መኪና ዘወትር ከሚቆምበት ሥፍራ ፊት ለፊት መሆኑን ያውቃል፤ ብዙ ጊዜም በደብተሩ ላይ ጽፎታል። የመጀመሪያው አጻጻፍ ለማንም አይረዳም፤ ሁለተኛው ግን ምን መደረግ እንዳለበት ራሱ ይጠቁማል።

ሞት የጥቂቶች ቢሆንም ከእያንዳንዱ ሟች ጀርባ በርካታ ሰዎች እግራቸው ይሰበራል፣ ጭንቅላታቸው ወይም አከርካሪያቸው ይጎዳል። በዓለም ደረጃ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ሲሞት፣ ከሞት ተርፈው የሚጎዱት ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ሞትንና ከባድ ጉዳትን አንድ ላይ ሲቆጥሩ ቁጥሩ ከፍ ስለሚል መዋዠቁ ያን ያህል አያሳስትም። ነገር ግን ከባድ ጉዳት ማለት ምን እንደሆነ አስቀድመው ይወስኑ፤ ለምሳሌ ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ብሎ መወሰን ይቻላል፤ ትርጉሙንም ከዓመት ዓመት አይለውጡ። የመመዝገቢያው ቅጽ ወይም አሠራሩ በተለወጠበት ዓመት ቁጥሩ ድንገት ቢዘል፣ የዘለለው አደጋው ሳይሆን አመዘጋገቡ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ በሙያዬ ምክንያት ሳላነሳው ማለፍ አልችልም። የሟቾች ቁጥር መንገዱ ሳይሻሻል ሊቀንስ ይችላል። አምቡላንሱ ፈጥኖ መድረስ ከጀመረ፣ ደም ማስቆም የሚችል ሠራተኛ ከተገኘ ወይም ሞተረኞች የራስ ቁር ማድረግ ከለመዱ ያው ግጭት እየደረሰ የሚሞተው ሰው ያንሳል። በአግባቡ የታሰረ የራስ ቁር በግጭት የመሞትን ዕድል ከ6 እጥፍ በላይ እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ይህ ሁሉ እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ ሆኖም መንገዱ ደኅና ሆነ ማለት ስላልሆነ፣ ጉዳተኛው ቁር ወይም የደኅንነት ቀበቶ አድርጎ እንደነበርና እርዳታ በስንት ደቂቃ እንደደረሰለት በመዝገቡ መግባት አለበት።

የመንገድ መሐንዲስ፦

በጀቱ የት ይዋል ለሚለው ጥያቄዎ እኔ ከፍጥነት እጀምራለሁ።

ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ አንዱ በሰዓት 30፣ ሌላው በ50 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። ሕፃን ድንገት መንገድ ውስጥ ገባ። ሁለቱም አሽከርካሪዎች ነቅተው እያዩ ነው፤ ሁለቱም አይተው እግራቸውን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፉ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅባቸዋል። መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ጤነኛ ከሆነ በ30 የሚሄደው ከ17 እስከ 18 ሜትር ባለ ርቀት ላይ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። በ50 የሚሄደው ግን ፍሬን ሳይዝ ገና 21 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህም ማለት የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ፍጥነቱን ጨርሶ ሳይቀንስ በ50 ያልፋል ማለት ነው። ሕፃኑ እዚያ ቦታ ላይ ከነበረ የሚመታው በሙሉ ፍጥነት ነው፤ የግጭቱ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ በ50 ያለው ጉልበት በ30 ካለው ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። አሽከርካሪው መልካም ሰው ይሁን ቸልተኛ ይህን ስሌት አይለውጠውም።

በትናንሽ ከተሞች ይህ ችግር የሚበረታበት የታወቀ ቦታ አለ፤ እሱም ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፈው አገር አቋራጭ መንገድ ነው። መንገዱ ከከተማዋ ውጭ ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ለፍጥነት የተሠራ ነው። ወደ ከተማዋ ሲገባ ሥራው ይለወጣል፤ ተማሪ ያቋርጠዋል፣ ገበያተኛ ይሞላዋል፣ ብስክሌትና ጋሪ ይቀላቀሉበታል። ቅርጹ ግን አልተለወጠም። ረጅም መንገድ በፍጥነት ሲነዳ የመጣ ሰው ዓይኑ ፍጥነቱን ስለለመደ፣ በ50 ሲሄድ እንኳ የሚያዘግም ይመስለዋል። የፍጥነት ወሰን ምልክቱ 30 ይበል እንጂ ባለ ሰፊ መስመሩ ቀጥ ያለ አስፋልት ንዳ እያለው ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ከምልክቱ ይልቅ መንገዱን ይሰማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ በከተማዋ መግቢያዎች ላይ ቢውል ብዙ ያተርፋል። መስመሩን ማጥበብ፣ መኪናው ጠምዘዝ ብሎ እንዲያልፍ የሚያስገድድ የመሐል ደሴት መሥራት፣ የእግረኛ ማቋረጫውን ከአስፋልቱ ከፍ ማድረግ፣ እግረኛው በአንድ ጊዜ አንድን አቅጣጫ ብቻ እያየ እንዲሻገር መሐል ላይ መቆሚያ ማዘጋጀት ይቻላል።

ሁለተኛው እይታ ነው። መሻገሪያ አጠገብ የቆመ መኪና ልጁን ከሾፌሩ፣ ሾፌሩንም ከልጁ ይጋርዳል። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ የምትገኘው ሆቦከን የ60 ሺህ ያህል ሰዎች ከተማ ናት። በመስቀለኛ መንገዶቿ ማዕዘን ላይ መኪና እንዳይቆም ማድረግን ከዋና ሥራዎቿ አንዱ አድርጋ ሠርታበታለች፤ የፍጥነት ወሰኗንም ቀንሳለች። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ ለሰባት ዓመታትና ከዚያ በላይ በትራፊክ አደጋ አንድም ሰው አልሞተባትም። ማዕዘኑን በቀለምና በጠንካራ ዘንጎች መዝጋት መንገድ ቆፍሮ እንደገና ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር ወጪው እጅግ ትንሽ ነው።

ሦስተኛውን አጠር አድርጌ ልለፈው። ግጭት የሚደጋገምበት መስቀለኛ መንገድ ካለ አደባባይ ማድረጉን ያጥኑ። ባለ አራት አቅጣጫ መስቀለኛ መንገድ ተሽከርካሪዎች ሊጋጩ የሚችሉባቸው 32 ነጥቦች ሲኖሩት ባለ አንድ መስመር አደባባይ 8 ብቻ ነው ያለው፤ የሚደርሰውም ግጭት ብዙውን ጊዜ በዝግታና በጎን ስለሆነ ገዳይነቱ ይቀንሳል።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መዝገቦቹን ማመሳከሩን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር ቀርቷል። በፖሊሱ መዝገብ ውስጥ የአደጋው መንስኤ በሚለው አምድ ላይ በአብዛኛው የሰፈረው «የአሽከርካሪ ጥንቃቄ ጉድለት» ወይም «የእግረኛ ጥፋት» የሚል ነው። የምክር ቤቱ አባላት ይህን አይተው ችግሩ የሰው ባሕርይ ስለሆነ መፍትሔው ማስተማር ብቻ ነው ይላሉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

የቀድሞ የትራፊክ ፖሊስ፦

ያንን አምድ ለብዙ ዓመታት ስሞላ ስለኖርኩ መልሱን እኔ ልሞክር። ቅጹ የተዘጋጀው ለመክሰስ ነው። መርማሪው ቦታው ላይ ሲደርስ የሚጠየቀው ሕግ የጣሰው ማን እንደሆነ ነው፤ የመንገዱ ስፋት ስንት ሜትር እንደሆነ፣ መብራቱ በርቶ እንደነበር፣ የማቋረጫው ቀለም ለቅቆ እንደነበር ወይም የእግረኛ መንገዱ በአሸዋ ክምር ተዘግቶ ሰው ወደ አስፋልት ለመውረድ ተገዶ እንደነበር የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ አምዱ ተጠያቂውን ያሳያል እንጂ መንስኤውን ሁሉ አያሳይም። አባላቱ ይህን ልዩነት እንዲያዩ ከፈለጉ፣ ጥንቃቄ ጉድለት ተብለው የተመዘገቡትን አደጋዎች በካርታ ላይ በነጥብ ያስቀምጡላቸው። ጥፋቱ የሰው ባሕርይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነጥቦቹ ተሽከርካሪና ሰው በሚበዛበት ሁሉ ተበትነው በተገኙ ነበር። በጥቂት ቦታዎች ላይ ተሰብስበው ከታዩ ግን፣ የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት የሚሠሩት ለምን እንደሆነ ራሳቸው አባላቱ ይጠይቃሉ። የስዊድን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 ዜሮ ሞትን ግብ አድርጎ ሲያጸድቅ መነሻው ይኸው ነበር፤ ሰው መሳሳቱ አይቀርምና መንገዱ ስሕተቱን በሞት የማይቀጣ ሆኖ መሠራት አለበት የሚል ነው።

ከመሐንዲሱ ጋር በአንድ ነገር ላይ በመጠኑ እለያለሁ። ግንባታው ሁሉን ይፈታል ብዬ አላምንም። ሌሊት ጠጥቶ የሚነዳን ሰው የመሐል ደሴት አያስቆመውም፤ አንዳንድ ጊዜ ራሱ ደሴቱ ላይ ይወጣል። ለዚህ የሚሠራው የትና መቼ እንደሚደረግ አስቀድሞ ሊገመት የማይችል ቁጥጥር ነው። ቁጥጥሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታና ሰዓት ከሆነ አሽከርካሪው እዚያች ጋ ብቻ ይጠነቀቃል፤ ቦታውና ሰዓቱ ሲለዋወጥ ግን ዛሬ እያዝ ይሆናል የሚለው ሥጋት በከተማዋ ሁሉ ይሠራል። ጥቂት የሰው ኃይል ላላት ከተማም የሚመጥነው ይህ ነው። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ ግጭት የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻልና፣ በጥቂቱ ማዝገም እንኳ ዋጋ አለው። ማስተማርንም አልጥልም፤ ነገር ግን ልጁ በትክክል ማቋረጥን ተምሮ የሚያቋርጥበት ሥፍራ ከሌለው ትምህርቱ የት ይገባል?

የመንገድ መሐንዲስ፦

በሌሊቱና በመጠጡ ጉዳይ ትክክል ነዎት፤ ቁጥጥሩም ግንባታውም ያስፈልጋል። ለጠያቂው አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምርና ላብቃ።

ሥራው ውጤት ማምጣቱን ለማወቅ ሰው እስኪሞት ወይም እስኪተርፍ አምስት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግዎትም። ፍጥነትን ይለኩ። ሥራው ሳይጀመር በተመረጠው ቦታ ላይ የሚያልፉትን መኪናዎች ፍጥነት በራዳር ይመዝግቡ፤ ራዳር ከሌለ አስፋልቱ ላይ በታወቀ ርቀት ሁለት መስመር ቀብቶ መኪናው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደርስበትን ሰዓት በስልክ ቪዲዮ መለካት ይቻላል። የፖሊስ መኪና ወይም የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ በአቅራቢያው እንዳይኖር ያድርጉ፤ አለዚያ የሚለኩት የተሳቀቀ አሽከርካሪን ነው። አማካዩን ብቻ አይያዙ፤ ከወሰኑ በላይ የሚነዱት ከመቶ ስንት እንደሆኑና እጅግ ፈጣኖቹ ምን ያህል እንደሚሄዱ ይጻፉ፤ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወገን ነው። ከዚያም ምንም ሥራ የማይሠራበት፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ጋር የሚመሳሰል ሌላ ቦታ መርጠው በዚያው ቀንና ሰዓት ይለኩ። ሥራው ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ፣ እንደገናም ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በተመሳሳይ የሳምንት ቀንና ተመሳሳይ የአየር ሁኔታ በሁለቱም ቦታዎች ልኬቱን ይድገሙ። በተሠራበት ቦታ ፍጥነቱ ቀንሶ ባልተሠራበት ካልቀነሰ ለምክር ቤቱ የሚያሳዩት ማስረጃ አለዎት። በሁለቱም እኩል ከቀነሰ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ስለሆነ፣ የቀረውን በጀት ከማውጣትዎ በፊት ያንን ይፈልጉ።